«ፎቶ ውሰጂኝ» ወይስ «ፎቶ አንሺኝ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ አማርኛ ይናገራል፤ ግን «ፎቶ ውሰጂኝ»፣ «ሻወር ልውሰድ»፣ «ነገ ፈተና እወስዳለሁ» ይላል። ሳርመው «አንቺስ መድኃኒት ወሰድኩ ትዪ የለ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስሕተቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ደኅና አድርጎ ይዞዎታል። የነገሩ ሥር «ቴክ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ናት። ትምህርት ቤት «ወሰደ» ተብላ ትፈታልንና ሁሉም ቦታ እንደዚያው እንተረጉማታለን። እንግሊዝኛ ግን ለማይቆጠር ሥራ ያሰማራታል። ራሷም የስካንዲኔቪያ መጤ ናት። ነባሩን «ኒማን» የሚባል ግሥ ገፍታ ቦታውን የያዘችው ቆይታ ነው።

የእኛ «ወሰደ» ይህን ያህል አይዘረጋም። አንድን ነገር ካለበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ማድረስ ነው። እናት ልጇን ትምህርት ቤት ትወስዳለች። ጎርፍ አጥር ይወስዳል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» ስንልም ወሳጁ እንቅልፍ ነው፤ ይዞን የሚሄደው እሱ ነው። አእምሮው አንዳንዴ ደኅና፣ አንዳንዴ ታመም ለሚልበት ሰው «ወሰድ መለስ ያደርገዋል» የሚባለውም ከዚሁ ነው።

ስለዚህ ፎቶ ይነሣል እንጂ አይወሰድም። ታክሲና ማስታወሻ ይያዛሉ፣ ጫማ ይወልቃል፣ ምክር ይሰማል፣ ጉቦ ደግሞ ይበላል። እንግሊዝኛው በነዚህ ሁሉ «ቴክ» ማለት ይችላል።

ሻወሩ ሌላ ነገር ያሳየናል። አማርኛ ድርጊቱን ግሡ ውስጥ ያስገባዋል፦ ታጠበ፣ አረፈ፣ ተከተበ፣ ቆረበ። «ገላዬን ልታጠብ» እያለልን «ሻወር ልውሰድ» ማለት አንዱን ግሥ ያለ ምክንያት ለሁለት መክፈል ነው። እንግሊዞች እንኳ እዚህ ላይ «ሃቭ» ማለት ይቀናቸዋል፤ «ቴክ» ይበልጥ የአሜሪካኖች ነው።

ፈተናም እንደዚሁ ነው። «ሒሳብ ተፈተንኩ» ምንም አይጎድለውም። በዜና የምንሰማው «ለፈተና የተቀመጡ ተማሪዎች» ጥንት ያለ ይመስላል፤ ግን እሱም የእንግሊዞች አባባል ግልባጭ ነው። እነሱ ፈተና «ይቀመጣሉ»፣ አሜሪካኖች «ይወስዳሉ»፤ እኛ ከሁለቱም ተበድረናል። በእርግጥ «ተፈተነ» መከራ ደረሰበት ማለትም ይሆናል። ቢሆንም የትምህርቱ ስም ከፊቱ ካለ ማንም አይሳሳትም። እኔ «ተፈተንኩ»ን አልለቅም።

መድኃኒቱን ግን ለእርስዎ እፈርዳለሁ። ቤት ውስጥ ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ መርፌ እንወጋለን። ሐኪም ሦስቱንም በአንድ ቃል ለመጥራት ሲፈልግ «መውሰድ» ይጠቅመዋል። ሥራ ስላገኘ ሰንብቷል፤ ይሰንብት።

«እርምጃ መውሰድ»ም ከውጭ የመጣ ነው፤ ግን አማርኛ የራሱ አድርጎታል። «እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ቅጣት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ትርጉም የሰጠችው «በት» ናት፤ እንግሊዝኛው በራሱ ቅጣት ማለት አይደለም። እንዲህ ከተዋሐደ በኋላ «ባዕድ ነው» ብሎ ማሳደድ ጉልበት መጨረስ ነው።

ልጅዎን ሲያርሙት አንድ መለኪያ ይስጡት፦ ሥራውን ብቻውን የሚሠራ የአማርኛ ግሥ ካለ «ወሰደ»ን ይተወው። «ቴክ ኢት ኢዚ» የሚለውንም «ቀለል አድርገህ ውሰደው» እያለ ከሆነ፣ ለማን እንደሚናገር ይጠይቁት። ለተቆጣ ሰው «ረጋ በል» ነው። ነገር ለሚያጋንን «አታካብድ» ነው። ጓደኛውን ሲሰናበት ከሆነ ደግሞ «በል ደኅና ሁን» ይበለው።