የአያቴን ወረቀት ለቁራሌው እንስጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አያቴ ፒያሳ አካባቢ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ሲያርፉ ሦስት ካርቶን ወረቀት ትተዋል። ደብዳቤ አለ፣ የተማሪ ስም አለ፣ ዝናብ የጣለበትን ቀንና የጤፍ ዋጋ ሳይቀር የጻፉበት ደብተር አለ። ቤት ልንለቅ ስለሆነ አጎቴ “ለቁራሌው ስጡት” ይላል። እናቴ ደግሞ አያቴ ተማሪ ክፉኛ እንደገረፉ የሚያሳዩትን ደብዳቤዎች ነጥለን እንድናቃጥል ትፈልጋለች። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን “እዚህ የጥንት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ወረቀት እንደ ወርቅ ነው የሚጠበቀው፤ እንዳትነኩት” አለን። የአያቴ ወረቀት ከዚያ ጋር ይነጻጸራል?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ድንግጥ አለ። እባክሽ ቁራሌው በሰፈራችሁ ሳያልፍ ካርቶኖቹን ወደ ክፍልሽ አስገቢ።

የአክስትሽ ልጅ የማንን ወረቀት እንዳየ አልነገርሽኝም። እኔ የኢዝራ ስታይልስን ልንገርሽ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከ1778 ጀምሮ በ1795 እስኪሞት ድረስ አሜሪካ ያለው የዬል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበር። ወረቀቱ ዛሬም እዚያው ዬል፣ ባይኔኪ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ምን ጻፈ ብትይ፣ ከ1763 ጀምሮ ቴርሞሜትር እያየ የየዕለቱን ሙቀት ይመዘግብ ነበር። የሐር ትል አርብቶ የትሎቹን ነገር ጻፈ። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ዕብራይስጥ ተማረ። በ1773 ኒውፖርት ከተማ ከመጡት ራቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) ከሐይም ካሪጋል ጋር ወዳጅ ሆኖ፣ ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ ይገናኙ ነበር። ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሊሞት አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ስለ እምነቱ የጻፈው ዝነኛ ደብዳቤም ለእሱ ነው። ስታይልስ ባይጠይቀው ኖሮ ያ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር።

እስቲ የአያትሽን ደብተር አስቢ። በዚያ ክረምት ፒያሳ ላይ ስንት ቀን ዘነበ? ጤፍ ስንት ገባ? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ነገ ይመጣል።

የእናትሽ ጉዳይ ይከብዳል፤ ይገባኛልም። ስታይልስ ቄስ ነበር። በ1756 ግን ሩም የሚባለውን መጠጥ አንድ በርሜል በመርከብ ወደ አፍሪካ ልኮ፣ በለውጡ አንድ ትንሽ ልጅ አስመጣ። ልጁ ኒውፖርት ተባለ። በባርነት ኖሮ በ1778 ነጻ ወጣ፤ ስታይልስም ይህን በቀን ማስታወሻው ጽፎታል። ቤተሰቡ አፍሮ ያን ገጽ ቀዶ ቢሆን ኖሮ የኒውፖርት ስም አብሮ ይጠፋ ነበር። በአያትሽ ደብዳቤ ውስጥም የተገረፈ ልጅ አለ። ደብዳቤውን ስታቃጥሉ ያ ልጅ ዳግመኛ ይበደላል። እናትሽ ከከበዳት ደብዳቤዎቹ ለተወሰነ ዓመት ታሽገው እንዲቆዩ ተስማምቶ ማስረከብ ይቻላል።

እኔ መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት። ያም ሆኖ የገዛ አባቴን ደብተሮች ማዳን አልቻልኩም። አንድ ዘመዳችን ለሱቅ መጠቅለያ ሸጣቸው። ሮጬ ስደርስ የተረፈው አሥራ አንድ ገጽ ነበር፤ አንዱ በርበሬ ነክቶታል። እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ሥራው ይኸውልሽ። አያትሽ ያስቀመጡበትን ቅደም ተከተል አታፋልሺ፤ የቱ ከየቱ ጋር እንደነበረ ራሱ ወሬ ይነግራል። የዛገውን ስፒል ቀስ ብለሽ አውጪ። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፊ፤ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል። ፌስታል ውስጥም አትቋጥሪው፣ ክረምት ላይ ይሻግታል። ከመሬት ከፍ፣ ከኩሽና ጭስ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። በየካርቶኑ ያለውን በአጭሩ መዝግቢና በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ዝርዝሩን ይዘሽ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሂጂ፤ ወይም ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጠይቂ። ስታስረክቢ በጽሑፍ ተፈራረሙ።

ፎቶግራፍ ካለ ዛሬ ማታ ከእናትሽ ጋር ቁጭ በሉ። ማን ማን እንደሆነ እሷ ትንገርሽ፣ አንቺ ከጀርባው በእርሳስ ጻፊ። በእስክሪብቶ እንዳይሆን።