ትምህርት ቤት ብቀይር ደረጃዬ ይወርዳል? ዩኒቨርሲቲስ ያሳጣኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሴሚስተር ሲያልቅ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚደርሱን የተማሪዎችና የወላጆች ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ይበዛሉ፤ እሱም ዝውውር ነው። ከመካከላቸው አራቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በአንደኛው ሴሚስተር አማካይ ውጤቴ 91.3 ሆኖ ከክፍሌ 2ኛ ወጥቻለሁ። የአባቴ ሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስለተዛወረ ቤተሰቡ ሊሄድ ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ደረጃዬን ይቀበለዋል? ዩኒቨርሲቲ ለመግባትስ ይጎዳኛል? (ተማሪ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ ውጤትሽ ይከተልሻል፤ ደረጃሽ ግን እዚያው ይቀራል። 2ኛ የወጣሽው ከደሴ የክፍል ጓደኞችሽ ጋር ተወዳድረሽ ስለሆነ ኮምቦልቻ ላይ ያ ደረጃ ትርጉም የለውም። አዲሱ ትምህርት ቤት የሚወስደው በየትምህርቱ ያገኘሽውን ነጥብ ነው። የዓመቱ አማካይ የሁለቱ ሴሚስተር ድምር ለሁለት ተካፍሎ ይወጣል። በሁለተኛው ሴሚስተር 84.1 ብታገኚ የዓመቱ 87.7 ይሆናል፤ የዓመቱ ደረጃሽም ይህ ቁጥር ከአዲሶቹ የክፍል ጓደኞችሽ ጋር ተነጻጽሮ ይሰጣል።

ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ አትጨነቂ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲዩድ ይፈተናል፤ ስድስቱ ከ600 ይታሰባሉ፣ ግማሹ 300 ነው። ከክፍል 1ኛ መውጣት በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ነጥብ አይጨምርም፤ 20ኛ መውጣትም አይቀንስም።

ዝውውር የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። መጽሐፉ አንድ ቢሆንም ፍጥነቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ደሴ ላይ የፊዚክስ መምህሩ ምዕራፍ 4 ላይ ሳሉ ኮምቦልቻ ላይ ምዕራፍ 5 አልቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የተዘለለ ምዕራፍ በሚቀጥለው ዓመት ሀገር አቀፍ ፈተና ላይ ብቅ ይላል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከ12ኛ ክፍል ብቻ አይወጣም። ስለዚህ በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት ከአዲሱ ክፍል የአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ተዋሺና ከየመጽሐፉ ማውጫ ጋር አስተያዪው። የተማርሽውን፣ እነሱ ተምረውት አንቺ ያልደረስሽበትን፣ ሁለታችሁም ያልጀመራችሁትን ለይተሽ ምልክት አድርጊ። ሁለተኛው ዓይነት ምዕራፍ ሲደመር ከሁለት ካለፈ ለብቻ በማንበብ አይሸፈንምና የማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልገዋል። ከሁሉ በፊት ሒሳብን ያዢ፤ ሒሳብ ላይ ያለ ክፍተት ፊዚክሱንም ይዞ ይወርዳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የሚሻለው በክረምት፣ ካልሆነም ጥር ላይ ሴሚስተሩ ተዘግቶ ካርድ ከተሰጠ በኋላ መሄድ ነው። በሴሚስተሩ መካከል የሚዛወር ተማሪ የተከታታይ ምዘና ነጥቡ በአየር ላይ ይቀራል። አዲሱ መምህር ዝርዝሩ ላይ ስምሽን ያገኙታል፤ ከመምጣትሽ በፊት በተሰጡት ፈተናዎች ረድፍ ግን ባዶ ነው፤ ባዶውም ሲደመር ዜሮ ይሆናል። ደረጃን በትክክል የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የግድ በመካከል የምትሄጂ ከሆነ ከየትምህርቱ መምህር «ከ10 ይህን ያህል፣ ከ20 ይህን ያህል» ተብሎ በዝርዝር የተጻፈና ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። «ጎበዝ ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ አይደመርም።

ስትወጪ የተዋስሽውን መጽሐፍ መልሺ፣ ክሊራንስሽን ጨርሺ፣ ከዚያ መልቀቂያና የ9ኛ፣ የ10ኛ እንዲሁም የ11ኛ ክፍል አንደኛ ሴሚስተር ውጤትሽን ውሰጂ። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽንም አትርሺ። መልቀቂያ ከማውጣትሽ በፊት ግን ኮምቦልቻ ላይ የሚቀበልሽ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። መልቀቂያ ወጥቶ ተቀባይ ያጣ ተማሪ ሳምንታት ይባክኑበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጠንካራ ተማሪዎች ባሉበት የግል ትምህርት ቤት ከክፍሏ 15ኛ ነው የምትወጣው። ውጤት በቀላሉ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ባዛውራት ከሦስቱ አንዷ ትሆናለች። ለወደፊቷ አይጠቅማትም? (እናት፣ ሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ አይጠቅማትም፤ እንዳያደርጉት እንለምንዎታለን። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2014 ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም በየክፍሉ 1ኛ የወጣ፣ የተሸለመ፣ በካርዱ ላይ 95 የተጻፈለት ልጅ ነበር። ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ልጁ አቅሙን የሚያውቀው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ርእሰ መምህሩን ሁለት ቁጥር ይጠይቁ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ? ከእነሱስ ስንቱ ግማሹንና ከዚያ በላይ አመጣ? ሁለተኛውን ብቻ ነግረው የመጀመሪያውን ካለፉት ደግመው ይጠይቁ፤ ከ20 ተፈታኝ 10 ማሳለፍና ከ400 ተፈታኝ 10 ማሳለፍ አይገናኙም። ልጅዎ 15ኛ እየወጣች አማካይዋ 80 ከሆነ አትንኳት። 15ኛነቱ ሞራሏን እየሰበረ ከሆነ ያለፉ ዓመታት የሀገር አቀፍ ፈተና ወረቀት ሰዓት ይዛ ትሥራ። ያ ነጥብ ከክፍል ደረጃዋ ይልቅ የት እንዳለች ያሳያታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው፤ ለፈተናውም በደሴ ተመዝግቧል። እኛ ኮምቦልቻ ገብተናል። አሁን ቢዛወር ችግር አለው? (እህት፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይዛወር። የተፈታኝ ዝርዝሩ የሚላከው በተመዘገበበት ትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ወደ ፈተና የሚሄደውም በዚያው ስም ዝርዝር ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሚኒባስ ይቻላል። ይሁንና ሐረጎን በየቀኑ መውጣትና መውረድ የጥናት ሰዓት ይበላል፤ ደሴ ዘመድ ካላችሁ ከሰኞ እስከ አርብ እዚያ ቢያድር ይሻላል። የስሙን ነገር ደግሞ አሁኑኑ እዩ፤ በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብና በፋይዳው ላይ የእሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ውጤት ከወጣ በኋላ ስም ማስተካከል ከፈተናው በፊት ከማስተካከል እጅግ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍልን ደሴ ጨርሳ ቴክሳስ፣ ዳላስ አባቷ ጋ ልትሄድ ነው። እዚያ ኮሌጅ ለመግባት የክፍል ደረጃ ይቆጠራል ይሉኛል። እውነት ነው? (እናት፣ ፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ቴክሳስ ላይ በተለይ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 በወጣ የግዛቲቱ ሕግ ከትምህርት ቤታቸው የመጀመሪያዎቹ 10 በመቶ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ወደ ግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቀጥታ ይገባሉ። የኦስቲኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አመልካች ስለሚበዛበት መስፈርቱን ከፍ አድርጎታል፤ ለዓመታት 6 በመቶ ነበር፣ በ2026 መጸው ለሚገቡት 5 በመቶ ሆኗል። ስለዚህ በዓመት 300 ተማሪ በሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ለሌሎቹ ከ30ዎቹ፣ ለኦስቲን ግን ከ15ቱ አንዷ መሆን ያስፈልጋል።

ለልጅዎ ዋናው አደጋ የነጥብ አቆጣጠሩ ነው። እኛ ዘንድ ማለፊያው 50 ነው፤ ቴክሳስ ላይ 70 ነው። ደሴ ላይ በ68 ያለፈችው ትምህርት ማብራሪያ ካልተያያዘበት እዚያ እንደወደቀችበት ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ላይ ማለፊያው 50 መሆኑን፣ በክፍሉ ስንት ተማሪ እንደነበረና ልጅዎ ስንተኛ እንደወጣች የሚገልጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ያያይዙ። የየትምህርቱ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜም ይጻፍበት፤ ክሬዲት፣ ማለትም ለመመረቅ የሚቆጠርላትን የትምህርት መጠን፣ የሚሰጧት በእሱ ነው። ሦስት ኦሪጅናል ያሠሩ፣ አንዱ በታሸገ ፖስታ ይሁን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋልና የልጅዎ መዝገብ የተሟላ መሆኑን ከበረራው ወራት ቀደም ብለው ያረጋግጡ።

እዚያ እንደደረሰች አባቷ የትምህርት ቤቱን ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የደሴው ውጤት ለክሬዲት ብቻ ነው የሚቆጠረው ወይስ ደረጃ በሚወጣበት ስሌት ውስጥም ይገባል? አሠራሩ ከትምህርት ወረዳ ትምህርት ወረዳ ይለያያል። ለክሬዲት ብቻ ከሆነ ደረጃዋ የሚወጣው 11ኛ ክፍል ላይ በምትወስዳቸው ጥቂት ትምህርቶች ነው፤ አንድ ደካማ ውጤትም ብዙ ያወርዳታል። ከበድ ያሉት ትምህርቶች በብዙ ወረዳዎች ተጨማሪ ክብደት አላቸው፤ ተራው ትምህርት ከ4 ሲታሰብ እነሱ ከ5 ይታሰባሉ። ሒሳቧ ጠንካራ ከሆነ ከዚያ ትጀምር፤ እንግሊዝኛውን ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር በተራው ደረጃ ብትወስድ ይሻላል። ከቴክሳስ ውጭ ያሉ ብዙ ኮሌጆች ደረጃ ባይኖርም ማመልከቻ ይቀበላሉ፤ ለእነሱ ካውንስለሩ በሚልከው ደብዳቤ ውስጥ ከኢትዮጵያ በ10ኛ ክፍል ማብቂያ የመጣች መሆኗ እንዲጠቀስ ያስደርጉ።