ሐይቅ ላይ ከባዱን ዘንግ ይዘህ መሀል አትግባ (ለኮምቦልቻው ወንድሜ መልስ)

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ወንድምህ ከካሊፎርኒያ የጥልቅ ባሕር ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ክሩን ወደ ታች ከሚያወርደው ትልልቅ የእርሳስ ክብደት ጋር ልኮልሃል። እነሱ እዚያ ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ከ100 ሜትር በታች ሲያወጡ በቪዲዮ አይተሃል። «ሐይቅ» የሚባለው የወሎው ውኃችን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር እንደሚበልጥም ሰምተሃል። «ጀልባ ተከራይቼ መሀል ላይ ታች ድረስ ብጥለው ትልቁን ዓሣ አገኛለሁ ወይ?» ብለሃል። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «ሞክረው» ብለዋል። እኔ ሞክሬዋለሁ። በቀን 1,500 ብር ሁለት ቀን ጀልባ ተከራይቼ አንድም ዓሣ አልያዝሁም። ከአሜሪካ ያመጣሁት ክርም ግማሹ ታች ቀረ። ስለዚህ አንተ ይህን ከማድረግህ በፊት አንብበኝ።

ዘንግ እንዴት እንደሚያዝ፣ መንጠቆ እንዴት እንደሚታሰር አልነግርህም። እሱን ወንድምህ በስልክ ያሳይሃል።

1. መሀሉን እርሳው። ጥልቅ ስለሆነ ዓሣ አለ ማለት አይደለም። የሮክፊሽ ባሕር ታችኛው ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ግን ኦክስጅን አለው። ዓለቱ ሥር መደበቂያም ምግብም ሞልቷል። የኛ ውኃ ሌላ ነው። ላዩ በፀሐይ ይሞቅና ይቀላል። ታችኛው ቀዝቅዞ ከብዶ ይተኛል። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አይቀላቀሉም። ላይ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ይወርድና ሲበሰብስ ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሳታል። ታዲያ እዚያ ዓሣ ምን ተንፍሶ ይኖራል? እኔ ይህን ሳላውቅ 70 ሜትር ክር ፈትቼ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥሁ። ዘንጉ አንዴም አልተነቃነቀም። በሁለተኛው ቀን ወደ ዳር ጠጋ ስንል እርሳሱ ታች ያለ ነገር ያዘው። ብጎትት ብጎትት እምቢ አለ። ተበጠሰ።

2. ዕቃውን ቀይር። ለሮክፊሽ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ እርሳስ ያስፈልጋል፤ ማዕበሉና ጥልቀቱ ያስገድዳል። እዚህ ግን ቆሮሶን (ቲላፒያ የሚሉትን ዓሣ) ነው የምትፈልገው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ ቀጭን ናይለን፣ ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽ፣ ከሽምብራ የማትበልጥ እርሳስ፣ በቃ። መንጠቆ ስትገዛ ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ አትርሳ፤ እኔን ሱቅ ላይ አሳስቶኛል። ማባበያህ የመሬት ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይሁን። ያቺ ከአሜሪካ የመጣች የምታብለጨልጭ የፕላስቲክ ዓሣ ለቆሮሶ አትሆንም። ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው በውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ሌላ ዓሣ አያሳድድም።

3. ለማጥመጃ ፈቃድ ብለህ መጀመሪያ ቢሮ አትሂድ። ይህችን በደንብ ስማኝ። እኔ በሕግ ልሂድ ብዬ ነው የተቃጠልሁት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አትሜ፣ መታወቂያዬን ይዤ ከደሴ ተነስቼ አንድ ቢሮ ሄድሁ። የመጀመሪያው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ። በሁለተኛው ቀን «ነገ ና»። በሦስተኛው ቀን አገኘኋቸው። ወረቀቴን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ለመዝናናት ነው ያልኸው? ሥራ ፈት ነህ እንዴ?» አሉኝ፤ ሰው ፊት። ከዚያ «ከማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» ብለው በሩን አሳዩኝ። የትኛው ማኅበር? ለማን የተጻፈ? ማንም አልነገረኝም። እኔ ለአገሬ ሐይቅ ፍቅር ይዤ ነው የሄድሁት። ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተናድጄ ወደ ውኃው ወረድሁ። ዳር ላይ አንድ አዛውንት አጥማጅ መረብ ይጠግናሉ። «አባባ፣ የማኅበሩ ሰው ማን ነው?» አልኋቸው። «አረፍ በል መጀመሪያ። አብሽር» አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው የአጥማጆቹን ማኅበር ጸሐፊ በልጅ አስጠሩት። ደብዳቤው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተጻፈ። ስለዚህ አንተ ከአጥማጆቹ ጀምር። ውኃው እንጀራቸው ነው። በእነሱ በኩል ስትመጣ እንግዳ ትሆናለህ። በጎን ስትመጣ ግን ሊሻማቸው የመጣ ሰው ትመስላለህ፣ ልክም ናቸው። ደብዳቤውን ይዘህ ከዚያ ቢሮ ሂድ፤ ፈቃዱን ግን አትዝለለው።

እኒያ አዛውንት ናቸው ስለ መሀሉ የነገሩኝ። የሚያሳዝነው፣ የነገሩኝ ሁለቱን ቀን ከከሰርሁ በኋላ ነው። ያን ትልቅ እርሳሴን በእጃቸው መዘኑት። «ልጄ፣ ይህን ይዘህ ምን ፍለጋ ነው ታች የምትወርድ? ዓሣው እዚህ ሣሩ ዘንድ ነው ያለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደንገሉና ሣሩ ያለበት ዳር፣ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ውኃ የሚገባበት አካባቢ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ። በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ከሰዓት በኋላ ውኃው ይናወጣል፣ ቡሽህንም አታይም። ቆሮሶ ራሱ ለሐይቅ እንግዳ እንደነበረ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። ወደ 1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የጨመሩት። ከዚያ በፊት የነበረውን ያስታውሱታል። ገዳሙ ወዳለበት ዳር ግን ሳትጠይቅ እንዳትጠጋ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ የጸሎት ቦታ ነው፤ ሰው እዚያ ጸጥታ ይፈልጋል።

አሁን የሮክፊሹን ነገር ልንገርህ፤ ስለሱ በጣም ጓጉተሃልና። እኔ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ካሊፎርኒያ ሦስት ዓመት ነበርሁ። አራት ጊዜ ወጥተናል። በአንድ ሰው አንድ ክር፣ ከሁለት መንጠቆ አይበልጥም። በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደው 10 ዓሣ ነው። ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ሮክፊሽ ከታች ሲወጣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሆዱ በአፉ ይወጣል። ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት መተንፈሻ የለውም። ከ30 ሜትር ሲወጣ ያ አየር አራት እጥፍ ይነፋል። እንዲያው ብትመልሰው ላይ ተንሳፍፎ ይሞታል። ስለዚህ መያዝ የሌለበትን ሲይዙ ክብደት ባለው መቆንጠጫ ይዘው መልሰው ወደ ታች ያወርዱታል። አንዱን ቢጫ ዓይን ያለውን በእጄ ይዤው ነበር። ዝርያው ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል አሉኝ። ከአያቴ የሚበልጥ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ደነገጥሁ። መቆንጠጫው ይዞት ሲወርድ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ያንን ልማድ ነው ወደ አገሬ ያመጣሁት። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድግ። ይዘሃት አፏ የተነፋ ከሆነ፣ ወይም ቢጫ እንቁላል ከአፏ ከፈሰሰ፣ እባክህ መልሳት። እጅህን አርጥብ፣ መንጠቆውን ቀስ ብለህ አውጣ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለች ልቀቃት። አዛውንቱ ይህን ሳደርግ አይተው ሳቁ፣ ቀጥለው ግን «ደግ አደረግህ» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት እሳቸውም ሲያደርጉት አየሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያኮራኝ ነገር የለም።

ያ ከባድ ዘንግህም ጨርሶ አይጣልም። ለአምባዛ (ካትፊሽ ለሚሉት) ይሆንሃል። አምባዛ ጉልበተኛ ነው፤ ቀጭን ዘንግ ይሰብራል። አየርም ከላይ ስለሚተነፍስ ጭቃ ውስጥ፣ ኦክስጅን ባነሰበት ዳር ሁሉ ይገኛል። ትልቁን እርሳስ አውልቀህ ትንሽ እሰርበት። የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ስካ። ወደ ማታ፣ ዳር ሆነህ፣ መሬት አስነክተህ ጣለው። እኔ ከሁለት ወር በኋላ እንዲያ አድርጌ ክንዴን የሚያህል አወጣሁ። ደሴ ስደርስ ባለቤቴ አላመነችም፤ ከገበያ የገዛሁት መስሏት መንጠቆው የገባበትን ቀዳዳ ካላየሁ አለች። ጾም ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ተረፈ።

ለደኅንነትህ ጀልባ አትከራይ፤ ለጀማሪ ዳሩ ይበቃል። ክሩ የሚበቃህ 30 ሜትር ነው። ቁጥር 8 መንጠቆ ኮምቦልቻ ካጣህ ጻፍልኝ፣ ከኔ ግማሹን እሰጥሃለሁ። ከኮምቦልቻ ሌሊት 10 ሰዓት ካልተነሳህ ግን ማለዳው ያመልጥሃል።