ስኳርና ዓይን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

በዓይን ሕክምና ክፍል ለዓመታት በነርስነት ስላገለገልኩ፣ ስኳር ያለባችሁ ስለ ዓይናችሁ የሚያሳስባችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሶቼ።

ጥያቄ፦ ስኳር ካገኘኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁንም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ታዲያ ለምን ተመርመሪ ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአንቺን ጥያቄ ያስቀደምኩት እንዲሁ እያሰቡ ዘግይተው የመጡ ብዙ ሰዎች ስላየሁ ነው። ስኳር ዓይንን መጉዳት የሚጀምረው በዓይን በስተጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ከሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ግድግዳቸው ይዳከማል፤ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፤ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ደም ያጠረው ሬቲና አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ እነርሱ ግን ስስ ስለሆኑ በቀላሉ ይደማሉ፤ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ጎትቶ ሊያላቅቀው ይችላል። ይህ ሁሉ ለዓመታት ሲሆን ሕመም የለም፣ መቅላት የለም። የሬቲናው መሐል እስካልተነካ ድረስ ክሩም መርፌው ውስጥ ይገባል። አጥርተሽ ማየትሽ ዓይንሽ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ መመርመር አለበት፤ ሳይታወቅ ዓመታት ቆይቶ ሊሆን ይችላልና። አንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ይጀምር። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጉዳት ከታየ ሐኪሙ በሚወስነው አጭር ጊዜ።

ጥያቄ፦ መነጽር ሳሠራ ፊደሎቹን በሙሉ አነበብኩ። አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ሬቲናው የሚታየው ብሌንህን የሚያሰፋ ጠብታ ተደርጎልህ ወይም በልዩ ካሜራ ፎቶ ሲነሳ ነው። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት እይታን ስለሚያደበዝዝ መኪና አትንዳ፤ ጥቁር መነጽርም ያዝ።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ደበዘዘ። ላቁመው?

መልስ፦ እባክህ እንዳታቆመው! ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ውኃም ይለዋወጣል፤ ብዥታው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል፤ ስኳሩ ሲረጋጋም በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል። እስከዚያ አዲስ መነጽር አታሠራ፤ ገንዘብህን ታባክናለህ። ሆኖም ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ቀድሞ የነበረ የሬቲና ጉዳት ለጊዜው ሊብስ ስለሚችል ለሐኪምህ ንገርና ተመርመር። ከጊዜያዊው ችግር ጥቅሙ እጅግ ይበልጣል። አንደኛው ዓይነት ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ ውጤቱ በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዓይናቸው ገና ካልተጎዳው መካከል ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ለሬቲና ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ካሮት ይረዳል?

መልስ፦ የተጎዳ የደም ሥር አይጠግንም። ይልቅ የደም ግፊትዎን ያስለኩ። ግፊት ያንኑ የተዳከመ ሥር ስለሚያስጨንቅ ስኳሩን ብቻ መቆጣጠር ግማሽ ሥራ ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ያቁሙ።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፤ ማርገዝም አስቤአለሁ።

መልስ፦ መልካም ዜና ነው፤ ከማርገዝሽ በፊት ታዪ። ካልሆነም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። እርግዝና የሬቲናን ጉዳት ሊያፋጥን ስለሚችል ከወሊድ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሌዘር ታዘዘላቸው፤ ነገር ግን “ሌዘር ዓይን ያጠፋል” ሲባል ሰምተው እምቢ አሉ።

መልስ፦ ይህ ወሬ ልቤን ያሳዝነዋል። ብዙ ሰው ለሌዘር የሚቀርበው እይታው ክፉኛ ከደከመ በኋላ ነው፤ ሌዘር ደግሞ የቀረውን ያተርፋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ በሽታው ያደረሰው ጥፋት በሕክምናው ይሳበባል። እርግጥ የዳርና የሌሊት እይታን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን አትደብቃቸው። የሬቲናው መሐል ካበጠ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ በማደንዘዣ ጠብታ ስለሚሰጥ እንደሚፈራው አያምም፤ ግን መደጋገም ይፈልጋል። ሐኪማቸው የራሳቸውን ሬቲና ፎቶ እንዲያሳያቸው ጠይቅ። በዓይናቸው ያዩትን ከወሬው አብልጠው ያምኑታል።

ጥያቄ፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ በአንድ ዓይኔ ጥቁር ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ፤ ከጎን ደግሞ መጋረጃ የመሰለ ጥላ አለ። ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው።

መልስ፦ ቀጠሮውን አትጠብቂ። ዓይን ውስጥ ደም ፈስሶ ወይም ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ የዓይን ሕክምና ሂጂ። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ይዘሽ ሂጂ፤ ሌላ ሰው ያድርስሽ እንጂ ራስሽ አትንጂ።