ዕጣ፣ ዳይስና ሳንቲም፦ የላካችሁልኝ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነኝ። እዚህ ብርዱ ሲጠና ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ካርታና ሉዶ ይዘረጋል። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። «ያከራከራችሁን ላኩልኝ» ብዬ ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ከየአቅጣጫው መጣልኝ። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ከደብረ ሲና፦ «መምህር፣ እቁባችን 20 ሰው ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ቆብ ውስጥ ይገባና በየተራ እናነሳለን። አንድ ሰውዬ ሁሌ እኔ ልቅደም ይላል። የሚያገኘው ጥቅም አለ?»

የለም እናቴ፣ ይቅደም ተዉት። መጀመሪያ የሚያነሳ ሰው ዕድሉ ከ20 አንድ ነው። ሁለተኛዋ እርስዎ ነዎት እንበል። ዕጣው እንዲደርስዎ መጀመሪያ እሱ መሳት አለበት፤ ይህ ከ20 ዕድል 19ኙ ነው። ከዚያ ከቀሩት 19 ወረቀቶች ትክክለኛውን ማንሳት አለብዎት። ሁለቱ ሲባዙ ተመልሶ ከ20 አንድ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ እንደዚሁ ነው። የቀደመ ሰው ቶሎ ያውቃል እንጂ ቶሎ አይደርሰውም። ይልቅ ወረቀቱ እኩል መጠቅለሉን ይዩ።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ሦስት የተደፉ ኩባያዎች አሉ፤ ካንዱ ሥር 100 ብር ተደብቋል። አንዱን መረጥኩ። አጫዋቹ ከቀሩት ሁለቱ ባዶውን ገለጠና ‹ትቀይራለህ?› አለኝ። ሁለት ከቀረ ሃምሳ በሃምሳ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ተሳሳትኩ?»

አጫዋቹ ብሩ የት እንዳለ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሁልጊዜም ባዶ ገልጦ የመቀየር ዕድል የሚሰጥ ከሆነ፣ መቀየር ነበረብህ። መጀመሪያ ስትመርጥ የመሳት ዕድልህ ከሦስት ሁለት ነው። ከሳትክ ደግሞ ብሩ ያለው ሳይገለጥ በቀረው ኩባያ ሥር ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። ስለዚህ የሚቀይር ሰው ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ይበላል።

ካልተዋጠልህ አይክፋህ። በፈረንጆቹ 1990 ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የምትባል አሜሪካዊት አምደኛ ይህንኑ መልስ ስትጽፍ በሺዎች የሚቆጠር የተቃውሞ ደብዳቤ ጎርፎባታል። ከጻፉት መካከል የሒሳብ ዶክተሮችም ነበሩበት። ትክክሏ እሷ ነበረች።

እሱው ደግሞ፦ «ታዲያ እቁቡ ላይ 18ቱ ሰዎች ባዶ አንስተው እኔና ሌላ ሰው ብንቀር፣ ወረቀት እንቀያየር ልበለው?»

ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። አይ፣ እዚያ በእውነትም ሃምሳ በሃምሳ ነው። 18ቱ ሰዎች ባዶ ያነሱት ሳያውቁ ነው፤ ዕጣውን ሊያነሱትም ይችሉ ነበር። የኩባያው ሰውዬ ግን እያወቀ ብሩን ዘሎ ነው የገለጠው።

እስቲ የኩባያውን ጨዋታ 300 ጊዜ ተጫወት። 100 ጊዜ ያህል በመጀመሪያው ምርጫህ ብሩን ታገኛለህ፤ 200ውን ጊዜ ትስታለህ። አጫዋቹ የሚያውቅ ከሆነ 200ውንም ጊዜ ባዶውን ይገልጣል፤ መቀየር 200 ጊዜ ያስበላል። ሳያውቅ የሚገልጥ ከሆነ ግን ከ200ው 100 ጊዜ ያህል ብሩን ራሱ ይገልጠውና ጨዋታው ይበላሻል። ሳይበላሽ የሚተርፈው 100 ለ100 ነው። በዓይንህ የምታየው በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ባዶ ኩባያ።

ሦስተኛ ዓይነት አጫዋችም አለ። ትክክለኛውን ስትመርጥ ብቻ «ትቀይራለህ?» የሚል። ከሱ ጋር መቀየር ሁሌ ኪሳራ ነው። መንገድ ዳር የሚያጫውት ካጋጠመህ ይህኛው ነው ብለህ እለፈው። ብሩም ኩባያው ሥር ላይኖር ይችላል።

ከመሐል ሜዳ፦ «ሉዶ ለአራት ስንጫወት ስድስት ካልመጣ ጠጠር አይወጣም። ሁሌ አንዳችን አሥር ጊዜ ጥለን ስድስት እናጣለን። ዳይሱ ተበላሽቶ ይሆን?»

ዳይሱን አትጣሉት፣ ደህና ነው። አንድ ሰው አሥር ጊዜ ጥሎ ስድስት የማጣት ዕድሉ 16 በመቶ ነው። አራት ስትሆኑ ግን ቢያንስ አንዳችሁ የማጣታችሁ ዕድል 50 በመቶ ይሞላል። ከሁለት ጨዋታ በአንዱ አንድ የሚያኮርፍ ሰው መኖሩ የተለመደ ነው ማለት ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ «መምህር፣ ቤቲንግ ላይ አሥር የማይሸነፉ ቡድኖችን መርጬ እቆርጣለሁ፤ ሁሌ በአንድ ጨዋታ እበላለሁ። እርግማን ነው?»

ማባዛት ነው። እያንዳንዱ ቡድን የማሸነፍ ዕድሉ 80 በመቶ ይሁን ብዬ ልስጥህ፤ ብዙ ነው። አሥሩም የማሸነፋቸው ዕድል 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንድ ጨዋታ ብቻ የመበላት ዕድልህ ግን 27 በመቶ ነው። «ለጥቂት!» ብለህ የምትበላው ከምታሸንፈው ሁለት ጊዜ ተኩል ይበልጣል። ያ «ለጥቂት» ነው በማግስቱ መልሶ የሚያስቆርጥህ።

ከአንኮበር፦ «ሳንቲም አምስት ጊዜ በተከታታይ ጎፈር ከመጣ ቀጥሎ ዘውድ አይቀርም አይደል?»

ሊቀር ይችላል። ሳንቲም ትዝታ የለውም። በፈረንጆቹ 1913 ሞንቴ ካርሎ በሚገኝ የቁማር ቤት የሩሌቱ (ቀይና ጥቁር ክፍሎች ያሉት የቁማር መዘውር) ኳስ 26 ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር ላይ አርፏል። «አሁንስ ቀይ ነው» እያሉ ገንዘብ ያፈሰሱት ተራቁተው ወጡ።

እሷው ደግሞ፦ «እሺ፣ በሳንቲም ወንድሜን የምረታበት መንገድ የለም?»

አለ፣ ለሻይ ብቻ ከሆነ። በፈረንጆቹ 1969 ዋልተር ፔኒ የሚባል ሰው ያቀረበው ጨዋታ ነው። እያንዳንዳችሁ የሦስት ውርወራ ቅደም ተከተል ምረጡ፤ ከዚያ ሳንቲሙን ደጋግማችሁ ጣሉ። ምርጫው ቀድሞ የመጣለት ያሸንፋል። ወንድምሽ «ጎፈር፣ ጎፈር፣ ጎፈር» ቢል አንቺ «ዘውድ፣ ጎፈር፣ ጎፈር» በይ። የሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ውርወራዎች ካልመጣ፣ ከሦስቱ ጎፈሮች በፊት የግድ አንድ ዘውድ ይኖራል፤ ያ ደግሞ ያንቺ ነው። ከስምንት ሰባቱን ትረቺዋለሽ። ሌላም ቢመርጥ ዘዴው አንድ ነው፦ የመካከለኛውን ተቃራኒ አስቀድሚ፣ ከዚያ የሱን የመጀመሪያ ሁለት አስከትዪ። ብቻ እሱ ቀድሞ ይምረጥ።