ልጄ የሙዚቃ ቢዝነስ ልማር አለኝ፣ እንጀራ ይሆነዋል?

እህቴ፣ ቨርጂኒያ ያለው ልጅሽ ዲግሪውን ይማር ወይ ላልሽው፦ ሥራው አለ፤ ትልቁ ክፍል ግን ከመድረክ ጀርባ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ የተቀረጸ ዘፈን ሁለት መብት አለው፤ ግጥምና ዜማው አንድ፣ የተቀረጸው ድምፅ ሌላ። ዘፈኑ በአደባባይ ሲሰማ ለመጀመሪያው መብት ክፍያውን አስካፕና ቢኤምአይ የሚባሉ ድርጅቶች ይሰበስባሉ፤ ለሁለተኛው ደግሞ ሳውንድኤክስቼንጅ የሚባለው ድርጅት ከሳተላይትና ከኢንተርኔት ሬዲዮ ይሰበስባል። ይህን አስልቶ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። የእኛ ድምፃውያን ሳይመዘገቡ ሲቀሩ ሳይ ያንገበግበኛል!

እኔ ብሆን ዋናውን አካውንቲንግ አድርጎ ሙዚቃውን በማይነር (በተጨማሪ ትምህርትነት) እንዲይዝ እመክረው ነበር። ለዚህ ዲግሪ ብላችሁ ከባድ ብድር ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ በዚህ ሰመር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ኮንሰርት ከሚያዘጋጅ ሰው ጋር ይሥራ፤ ቲኬት ይሽጥ፣ ውል ያንብብ፣ ሂሳብ ይዝጋ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይም ሥራውን ከወደደው፣ ያኔ ማመልከቻውን ይሙላ።