መግቢያ ያላገኘ አየር መውጫም የለውም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሕንፃዎችን በነፋስና በፀሐይ ኃይል ስለ ማናፈስ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አምስቱን ለዚህ ዓምድ መርጠናል። ስለ መማሪያ ክፍል የቀረበው ጥያቄ ስሌት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል፤ ሌሎቹን ግን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በጣሪያዬ ላይ በነፋስ የሚሽከረከር፣ ሽንኩርት የመሰለ የላሜራ ማናፈሻ አስገጥሜአለሁ። ነፋስ ሲኖር ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ቤቱ ግን እንደ ቀድሞው ታፍኖ ይውላል። የገጠመልኝ ባለሙያ ሁለተኛ እንድጨምር መክሮኛል። ልጨምር?

መልስ፦ ከመጨመርዎ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ማናፈሻው በደንብ በሚዞርበት ሰዓት በሮችንና መስኮቶችን እንደ ወትሮው ዘግተው፣ ከሶፍት ወረቀት የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይቅደዱና ከበሩ ሥር ካለው ክፍተት አጠገብ በሁለት ጣትዎ አንጠልጥለው ይያዙት። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተገፍቶ በኃይል የሚርገበገብ ከሆነ፣ አየሩ ሌላ መግቢያ አጥቶ በዚያች ጠባብ ክፍተት እየተጋፋ ነው ማለት ነው። ፈጽሞ የማይነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ማናፈሻው አየር የሚስበው ከክፍሉ ሳይሆን ከኮርኒሱ በላይ ካለው ባዶ ቦታ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ይህ ስሕተት ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው።

ችግሩ የመጀመሪያው ከሆነ ሁለተኛው ማናፈሻ ምንም አይፈይድልዎትም። በቤት ውስጥ የሚያልፈውን አየር መጠን ይበልጥ የሚወስነው ከመግቢያውና ከመውጫው የጠበበው ነው። የመግቢያው ስፋት የመውጫው ሩብ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ያልፍ ከነበረው አየር ሲሶው ብቻ ያልፋል። በዚህ ሁኔታ መውጫውን እጥፍ ቢያደርጉት የሚያገኙት ጭማሪ ከመቶ 2 ያህል ነው፤ መግቢያውን አስፍተው ከነበረው መውጫ ጋር ቢያስተካክሉት ግን ፍሰቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ፣ የትንኝ መከላከያ ወንፊት ያለው መግቢያ ያስከፍቱ። ወንፊቱ ራሱ የአየሩን መንገድ ስለሚያጠብ ቀዳዳውን በዚያው መጠን ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። የሚሽከረከር ነገር ዓይን ይስባል፤ ግድግዳ ላይ የተከፈተ ቀዳዳን ግን ማንም ቆሞ አያደንቀውም፤ ገጣሚው ስለ እርሱ ሳያነሣልዎት የቀረውም ለዚህ ይመስለናል።

ችግሩ ሁለተኛው ከሆነ ከማናፈሻው ትይዩ ኮርኒሱን ቀድዶ ሁለቱን በላሜራ ቱቦ ማገናኘት በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ለ40 ተማሪዎች የሚሆን የመማሪያ ክፍል ልንሠራ ነው። አንዱ አማካሪ በፀሐይ የሚሞቅ የአየር ማውጫ እንድንሠራ፣ ሌላው ደግሞ በሶላር ፓኔል የሚሠራ ቬንትሌተር እንድንገጥም ይመክሩናል። ሁለቱም ፀሐይን የሚጠቀሙ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን የአየር መጠን እንወስን። ብዙ የሕንፃ መመዘኛዎች ለአንድ ሰው በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ይጠይቃሉ። በሰከንድ 10 ሊትር ለሚያገኝ ሰው የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው አየር በሚሊዮን 500 እጅ ያህል ከፍ ብሎ ይረጋል፤ የውጭው አየር ራሱ በሚሊዮን ከ420 እጅ በላይ ስላለው በክፍሉ ውስጥ ከ900 በላይ ይሆናል ማለት ነው። ለ40 ተማሪዎች ስናሰላው በሰከንድ 400 ሊትር፣ ማለትም 0.4 ሜትር ኩብ አየር ገብቶ ያንኑ ያህል መውጣት አለበት።

የመጀመሪያው አማካሪ ያለው፣ የፀሐይ ጭስ ማውጫ የሚባለው የአየር ማውጫ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ የሚሠራ፣ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባና ጫፉ ክፍት የሆነ ቀጥ ያለ ቦይ ነው። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይቀልላል፤ ሲቀልል ይወጣል፤ ሲወጣም ከክፍሉ አየር ይስባል። ሐሳቡ ጥንታዊ ዘመድ አለው፤ በመስታወት የተሸፈነ ጥቁር ግድግዳ አየርን እንዲያሞቅና እንዲያንቀሳቅስ የማድረጉን ዘዴ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1881 በፓተንት አስመዝግቦታል፤ ፈረንሳዊው ፌሊክስ ትሮምብ ደግሞ በ1960ዎቹ በኦዴዮ በተሠሩ ቤቶች ላይ ስለ ተጠቀመበት ዛሬ በዓለም የሚታወቀው በእርሱ ስም ነው። የትሮምብ ዓላማ ግን ቤት ማሞቅ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ክፍል እንመለስ። የቦዩ ቁመት 5 ሜትር ቢሆንና በውስጡ ያለው አየር ከውጭው በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት 2 ፓስካል ያህል ነው። ይህ እጅግ ትንሽ ግፊት ነው፤ ሆኖም መግቢያውና መውጫው እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ካሬ ከሰፉ የምትፈልጉትን 0.4 ሜትር ኩብ ለማሳለፍ ይበቃል። ከባዱ ነገር ያንን ሁሉ አየር በ10 ዲግሪ ማሞቁ ነው፤ ለዚህ 4,800 ዋት ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። በመስታወቱ ላይ በሜትር ካሬ 600 ዋት ፀሐይ ቢያርፍና ከዚያ ውስጥ ከመቶ 40 ያህሉ ወደ አየሩ ቢተላለፍ 20 ሜትር ካሬ መስታወት ትፈልጋላችሁ ማለት ነው።

ቬንትሌተሩስ? ያንኑ 0.4 ሜትር ኩብ አየር፣ ቱቦውንና ወንፊቱን ጨምሮ 20 ፓስካል የሚደርስ መቋቋም አሸንፎ ለማስወጣት የሚያስፈልገው የአየር ኃይል 8 ዋት ብቻ ነው። ሞተሩና ክንፎቹ ከተቀበሉት ኤሌክትሪክ ሩቡን ብቻ ወደ ጠቃሚ ሥራ ይለውጣሉ ብንል እንኳ 32 ዋት ይበቃል። ለደመናው ቀን መጠባበቂያ ጨምረን 60 ዋት የሚሰጥ ፓኔል ብንመርጥ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ካሬ አይሞላም። ሃያ ሜትር ካሬ መስታወት በአንድ ወገን፣ አንድ ሰው በብብቱ ሊይዘው የሚችል ፓኔል በሌላው ወገን መቆሙ የሚያስገርም ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የ5 ሜትር ጭስ ማውጫ ከተቀበለው ሙቀት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከስድስት ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ድርሻ የሚያድገው በቁመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በስፔን በማንዛናሬስ ሥራ የጀመረው፣ በዚሁ ዘዴ ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረው የሙከራ ማማ 195 ሜትር ቁመትና ከሥሩ 244 ሜትር ዲያሜትር ያለው ግልጽ ሽፋን ነበረው፤ እንዲያም ሆኖ ከፍተኛው የኤሌክትሪክ ውጤቱ 50 ኪሎ ዋት ገደማ ነበር።

ቬንትሌተር ሌላም ብዙ ያልተነገረለት ጠባይ አለው። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ስለሚጨምር፣ ደመና መጥቶ የሚያገኘው ኃይል በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የሚያንቀሳቅሰው አየር ወደ ከመቶ 79 ዝቅ ከማለት አያልፍም፤ ይህ የሚሆነው ግን ከፓኔሉ ጋር በተስማማ መቆጣጠሪያ ሲገናኝ ነው። ያለ መቆጣጠሪያ በቀጥታ የተያያዘ ሞተር በማለዳው ደካማ ፀሐይ ለመነሣት አቅም አጥቶ ቆሞ ሊያረፍድ ይችላል።

ስለዚህ ምክራችን ቬንትሌተሩን ምረጡ፣ ሆኖም ክፍሉን ቬንትሌተር እንደሌለው አድርጋችሁ ንደፉት የሚል ነው። ሞተር ይቃጠላል፣ ኩሺኔታ ይደርቃል፣ ፓኔል ይሰረቃል። ዝቅ ያሉ መግቢያዎችና ከጣሪያው ሥር የሚከፈቱ ሰፋፊ መውጫዎች ካሉ ግን ያ ሁሉ ቢደርስ እንኳ አየሩ መንገድ አያጣም። የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚሰጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው አየሩን ወደ ላይ ለማስነሣት የሚረዳ ምድጃ ናቸው። ጭስ ማውጫው የሚያዋጣው ፀሐይ የሚመታው ረጅም ግድግዳ ቀድሞውኑ ሲኖርና በውስጡ ያለው ሰው ጥቂት ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ነፋሱ ዛሬ ከምሥራቅ፣ ነገ ከምዕራብ ይነፍሳል። መግቢያውን በየት በኩል ላድርገው?

መልስ፦ ነፋስ የሚመታውን ግድግዳ ይገፋል፤ ከጀርባ ያለውን ደግሞ ወደ ውጭ ይስባል። አንድ ክፍል ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ክፍት ካለው አቅጣጫው ቢገለበጥ መግቢያና መውጫው ስም ይለዋወጣሉ እንጂ ፍሰቱ አይቆምም። በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ክፍል ግን አየሩ በደህና የሚደርሰው የጣሪያውን ከፍታ ሁለት እጥፍ ተኩል እስከሚያህል ጥልቀት ብቻ ነው፤ ሁለት ወገን ክፍት ሲሆን ይህ ልኬት እስከ አምስት እጥፍ ይሄዳል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በሰከንድ 2 ሜትር ሲነፍስ 2.4 ፓስካል የነበረው በ4 ሜትር 9.6 ይደርሳል። የ5 ሜትሩ ጭስ ማውጫ በትኩስ ፀሐይ የሚሰጠውን ግፊት ለስለስ ያለ ነፋስ ያለ ምንም መስታወት እንደሚሰጥ ከዚህ ማየት ይቻላል።

በሁለት ወገን መክፈት የማይቻል ከሆነ ጣሪያው ይቀራል። የጥንት ግንበኞች ይህን በሁለት መንገድ ፈትተውታል። ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው የሲንድ ከተማ ሃይደራባድ በበጋ የሚነፍሰው ነፋስ አቅጣጫው የታወቀ ስለ ነበር፣ ነፋስ ይዘው ወደ ቤት የሚያወርዱት ማማዎች በየጣሪያው ላይ በአንድ ፊት ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሠርተው ነበር። በኢራን በያዝድ ግን ማማዎቹ በብዙ ፊት የተከፈቱና ውስጣቸው በግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ ነፋሱ በአንዱ ክፍልፋይ ሲወርድ ያረጀው አየር በሌላው ይወጣል። በዚያች ከተማ በዶውላታባድ የአትክልት ስፍራ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ማማ 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ነፋሱ ይፈጥናል፣ አቧራውም ይቀንሳል። ሦስተኛው መፍትሔ አዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በተጠናቀቀው በደቡብ ለንደን በሚገኘው የቤድዜድ መኖሪያ መንደር ጣሪያዎች ላይ የቆሙት ባለ ቀለም ቆቦች እንደ ነፋስ ጠቋሚ እየዞሩ አፋቸውን ሁልጊዜ ወደ ነፋሱ ያደርጋሉ። ለእርስዎ ግን የያዝድን እንመርጥልዎታለን፤ የሚዞር አካል የለውምና።

ጥያቄ፦ በማዕድ ቤቴ የከሰል ምድጃ አለ። በፀሐይ የሚሠራ ማስወጫ ቬንትሌተር ልግጠም?

መልስ፦ በቂ መግቢያ ሳይኖር አይግጠሙ። ቬንትሌተሩ ከተዘጋ ክፍል አየር ሲስብ የጎደለውን ለመሙላት በምድጃው ጭስ ማውጫ በኩል አየር ወደ ታች ሊጎትት፣ ከእርሱም ጋር ሽታና ቀለም የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ሊመልስ ይችላል። ጠፍቶ ገና ከሚጨስ ሻማ የሚወጣውን ጭስ ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አስጠግተው ቬንትሌተሩን በማስነሣት መመርመር ይችላሉ፤ ጭሱ ወደ እርስዎ ከተመለሰ ቬንትሌተሩን አጥፍተው መስኮት ይክፈቱ፤ መግቢያው እስኪሰፋም ድረስ መልሰው አያስነሡት።

ጥያቄ፦ የገጠምነው የፀሐይ ቬንትሌተር በትኩሱ ቀትር በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ቤቱ ግን ይበልጥ ይሞቃል። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ጥፋታችሁ ከሰዓቱ ጋር ብቻ ነው። በቀትር የውጭው አየር ከቤቱ ውስጥ የሚሞቅ ከሆነ፣ በብዛት ማስገባት ሙቀት ማስገባት ነው። ንጹሕ አየር ለመተንፈስ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ በቀን አስገብታችሁ ዋናውን ሥራ ለሌሊት አቆዩት፤ በሌሊት በቀዝቃዛው አየር የታጠበ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳና ወለል በማግስቱ ቀን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይቀበላል። በሐራሬ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተውና አርክቴክት ሚክ ፒርስ የነደፈው የኢስትጌት ሕንፃ በዚህ ዘዴ ይታወቃል። ብዙዎች ሕንፃው እንደ ምስጥ ኩይሳ ያለ ማሽን ራሱን የሚያቀዘቅዝ አድርገው ቢጽፉለትም ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ቬንትሌተሮች አሉት፣ በሌሊትም ከቀኑ ይልቅ ብዙ አየር በኮንክሪቱ ውስጥ ያሳልፋሉ። ቤታችሁ ቆርቆሮና ሳንቃ ብቻ ከሆነ ግን ቅዝቃዜን የሚያስቀምጥበት ክብደት ስለሌለው ከሌሊቱ የሚተርፈው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጣሪያውን ነጭ መቀባት ይቀድማል።

ሌሊት ለመሥራት ባትሪ ያስፈልጋል። የ20 ዋት ቬንትሌተር 8 ሰዓት ሲሠራ 160 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ከ12 ቮልት ባትሪ 13 አምፔር ሰዓት ያህል ማለት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይራቆት 27 አምፔር ሰዓት ያለውን ግዙ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌሊት ቬንትሌተሩን አጥፍታችሁ፣ ከታች አንድ፣ ከላይም አንድ ክፍት ትታችሁ እደሩና ንጋት ላይ ግድግዳውን በመዳፋችሁ ንኩት። ከቀዘቀዘ ባትሪው አያስፈልጋችሁም።